መንጃ ፈቃዱ ወጣ፣ መኪናውን ማን ይስጥህ? ለአዲስ የጭነት ሹፌር

የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር ግራ ያጋባል። ሥልጠናውን ጨርሷል። ፈተናውን አልፏል። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። ባለ መኪና ጋ ሲሄድ ግን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ዓመት ነድተሃል?» አልነዳሁም ካለ መኪና አይሰጠውም። መኪና ካልተሰጠው ደግሞ የት ሄዶ ይንዳ? ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ሸኖም ሆነ አታዬ ይኼን ጥያቄ ይዘው የሚንከራተቱ ልጆች ሞልተዋል። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሌላው ደግሞ ያገኘውን የመጀመሪያ መኪና ሳይጠይቅ ሳያጣራ ይዞ ይወጣል፣ ጣጣው ቀስ እያለ ይመጣል። እኔ በበኩሌ የምለው አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ሥራ በደመወዙ ሳይሆን ምን ያስተምረኛል፣ ምንስ ያስፈርመኛል ብለህ ምረጠው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። (አንተ እያልኩ የምጽፈው ለቋንቋው እንዲቀለኝ ነው፣ እህቶቼ ለእናንተም ነው።)

በባለ መኪናው አትፍረድ። ከባድ መኪና ከነተሳቢው ዋጋው ሚሊዮኖች ነው፣ ብዙ ጊዜም በብድር የተገዛ ነው። የጫነው ዕቃ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲኖረው የሚገደደው መድን የሦስተኛ ወገን ነው። መኪናው በሌላ ላይ ላደረሰው ጉዳት ይሠራል እንጂ የራሱን የተጋጨ መኪና አይጠግንለትም፣ የተገለበጠውን ጭነትም አይከፍልለትም። ሙሉ መድን የገባም ቢሆን መኪናው ጋራዥ ቆሞ በከረመ ቁጥር የባንኩ ወለድ አይቆምም። ስለዚህ የማያውቀውን እጅ ይፈራል። እኔም ብሆን እፈራለሁ።

ማሠልጠኛው ያስተማረህ ውሸት አይደለም፣ ትንሽ ነው እንጂ። ባዶ መኪና ነዳህ፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ አስተማሪ ከጎንህ ተቀምጦ። ሥራው ላይ የሚጠብቅህ መኪና ተሳቢ ካለው 400 ኩንታል የሚጫንበት ነው። 40 ቶን ማለት ነው፣ የመኪናው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ባዶው መኪና ስህተትህን ይምርሃል። የተጫነው አይምርህም። ፍሬን ስትይዝ ከጠበቅከው ርቆ ይቆማል፣ ኩርባ ላይ ጭነቱ ወደ ውጭ ይጎትትሃል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀንስ ካመለጠህ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል፣ ከኋላህ ደግሞ ሰው የጫነ ሚኒባስ ተለጥፎ ቆሟል።

ካርድህ ምን እንደሚያስነዳህም በደንብ እወቅ። አሁን የሚሠራበት የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነትን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፣ በውስጣቸውም ደረጃ አለ። የደረቅ ጭነት ፈቃድ ይዘህ ቦቴ መንዳት አትችልም። ይኼ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ፈሳሽ ፍሬን ስትይዝ ከኋላ ወደ ፊት ይመታል፣ ስትታጠፍ ወደ ጎን ይተኛል፣ ስለዚህ አነዳዱ ሌላ ነው። ባለ መኪናው «ግድ የለም፣ ትራፊኩን እኔ አናግረዋለሁ» ብሎ ከምድብህ በላይ የሆነ መኪና ከሰጠህ አትቀበል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው ካርድህን ነው። ካርድህ የማያስነዳህን መኪና ይዘህ ከተገኘህ ካሳ አልከፍልም ለማለት በቂ ምክንያት ሰጠኸው ማለት ነው፣ ትራፊኩን አናግራለሁ ያለህም ሰው ያን ቀን ስልክ አያነሳም።

እና መግቢያው በር የቱ ነው? ብዙ አዲስ ሹፌር መስማት የማይፈልገው መልስ ረዳትነት ነው። «መንጃ ፈቃድ እያለኝ ጎማ ልፈታ?» ይላሉ። አዎ፣ ፍታ። ድሮ ሹፌር የሚሆነው ረዳት ሆኖ የቆየ ሰው ነበር፣ መንጃ ፈቃዱ ኋላ ነው የሚመጣው። አሁን ተገላብጦ ካርዱ ቀድሞ ይመጣል። ያ ረዳት ግን ሳይታወቀው የተማረው ብዙ ነው። ሸራ እንዴት ተወጥሮ እንደሚታሰር፣ ጭነቱ ካሶኒው (ዕቃው የሚጫንበት የመኪናው ክፍል) ላይ ወደ ፊት ሲበዛና ወደ ኋላ ሲበዛ መኪናው ምን እንደሚሆን፣ በክሪክ ከመነሳቱ በፊት የትኛው ጎማ ሥር ድንጋይ እንደሚገባ፣ ባልስትራ (የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ንቅናቄውን የሚያለዝበው ብረት) ሲሰበር ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ሚዛን ላይ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ። አንተ ይኼን ከማሠልጠኛ አላገኘኸውም። ስለዚህ አንድ ጥሩ ስም ያለው አንጋፋ ሹፌር ፈልግና «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ጥቂት ወር አብሬህ ልውጣ» በለው። እየቆየ፣ ሜዳው ላይ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ፣ መሪውን ይሰጥሃል። ባለ መኪናው ማወቁንና መፍቀዱን ግን አረጋግጥ፤ ተደብቀህ ስትነዳ የተፈጠረ ነገር ለሁለታችሁም ጣጣ ነው።

ሹፌሩን ስትመርጥ በፍጥነቱ የሚፎክረውን ተወው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ባትሪ ይዞ መኪናውን ዞሮ የሚያየውን ፈልግ። ጎማ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የሚያዳምጥ፣ ከኤር ታንኩ ውኃ የሚያፈስ ሰው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ይኼ ውኃ ቀላል ነገር አይደለም። አየሩ ታንኩ ውስጥ ሲታመቅ እርጥበቱ ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ካልተፈሰሰ ውኃው ቫልቮቹን ያበላሻል፣ በጣም ሲበርድም ይጋግራል። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በዚሁ አየር ነው።

የመጀመሪያውን መሪ ስታገኝ አይሱዙ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሰዎች «አልቃይዳ» የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ስሙ የወጣለት በመኪናው ጥፋት ሳይሆን በነጂዎቹ ነው። የሲኖትራክ ገልባጭም «ቀይ ሽብር» የተባለው በዚያው መንገድ ነው። አይሱዙ ትንሽ ይጭናል፣ ምልልሱ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ትጭናለህ፣ ብዙ ጊዜ ታራግፋለህ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ትገባለህ። እጅ የሚፈታው በዚህ ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥራ አታጣም። ከእነዋሪና ከሞረትና ጅሩ ጤፍና ስንዴ አለ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ አለ፣ ከምንጃር ጤፍ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ቢራ፣ ጠርሙስ፣ ብርድ ልብስ፣ የታሸገ ውኃ ይጫናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካም በዞናችን ነው፣ እንሳሮ ወረዳ። በየዓይነቱ ሥራ ነው እንግዲህ። እያንዳንዱ ጭነት ግን የራሱ አመል አለው። ሲሚንቶ ዝናብ ከነካው ያለቀለት ነው፣ ስለዚህ የሸራው ቀዳዳ ያንተ ጉዳይ ነው። ጠርሙስ መንቀጥቀጥ አይወድም። ሽንኩርት ደግሞ መንገድ ላይ ከዋለ ይሞቅና ይበሰብሳል፣ ነጋዴውም በየደቂቃው እየደወለ ያጣድፍሃል፣ በዚህ ግፊት ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳትን መልመድ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ፣ ሰፋ አድርጌ የማወራው ስለ እሱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ጣርማ በርን ያውቃል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው፣ ብዙ ሰው አሁንም ሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው፣ 587 ሜትር የሚረዝም ጠባብ ዋሻ አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ወረድክ ማለት ነው። ከላይ ጋቢ ያስፈልግሃል፣ ታች ሸሚዝህን ትፈታለህ። ለሰው ደስ ይላል። ለፍሬን ግን ፈተና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ነው። የፍሬን ሸራው (የጭነቱን ሸራ ማለቴ አይደለም) ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው የብረት ከበሮ ላይ ይታሸታል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱም በነፋስ ይወጣል። ሜዳ ላይ አንዴ ይዘህ ስትለቀው ለመቀዝቀዝ ጊዜ አለው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን 40 ቶን ያለማቋረጥ ወደ ታች እየገፋህ ነው። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከያዝከው ከበሮው ይግላል፣ በሙቀቱም እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የጎማና የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸትሃል። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይሰማህም። ከዚህ ላይ ፍሬኑን እየነካህ እየለቀቅህ ከደጋገምከው ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ ሳይጨርስ አየሩን ታሟጥጠዋለህ። በአብዛኛው መኪና ላይ አየሩ ከወረደ የእጅ ፍሬኑ ስፕሪንግ ራሱ ይይዛል፣ ግን የጋለ ከበሮ ላይ እሱም ቢሆን አያስተማምንም።

መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ያለው። ከዋሻው ወጥተህ መንገዱ ማዘቅዘቅ ሳይጀምር ማርሹን አስገባ፣ ከባድ ማርሽ። የጥንቶቹ ሹፌሮች «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረደው» ይላሉ። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ለአዲሶቹ ባለ ብዙ ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ሁልጊዜ አይበቃም፤ እነሱ ዳገቱን በቀላል ማርሽ ስለሚወጡት ሲወርዱ ከዚያም መቀነስ አለባቸው። ሞተር ብሬክ ወይም ሪታርደር፣ ማለትም ፍሬን ሳትነካ መኪናውን የሚያዘገይ መሣሪያ፣ ካለው ክፈተው። ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ከበሮው እረፍት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬን የምትነካው ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ነው፣ ጠንከር አድርገህ ትይዛለህ፣ ፍጥነቱን በደንብ ታወርዳለህ፣ ትለቃለህ። እያስነኩ መውረድ የሚሉት፣ እግርን ፔዳሉ ላይ አስተኝቶ መሄድ፣ ከበሮ የሚያግለው እሱ ነው። መሀል ላይ «ማርሹ ቀለለብኝ» ብለህ ለመቀነስ ብትሞክር ደግሞ አደጋ አለው፤ ፍጥነቱ ካለፈ ማርሹ አልገባም ይልሃል፣ ያወጣኸውም አይመለስልህም፣ ፍሪ ቀረህ። ስትጠራጠር ሙሉ በሙሉ ቁም። ከበሮው እስኪቀዘቅዝ ቆመህ ብትጠብቅ ማንም አይስቅብህም። ቢስቅም ይሳቅ።

ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መልቀቅ የሚባለውን ነገር መቼም ሰምተሃል። ናፍጣ ይቆጥባል ተብሎ ነው። ባለ መኪናው ለጉዞው የተወሰነ ናፍጣ ቆርጦ ይሰጥና የተረፈው የሹፌሩ ይሆናል፣ ስለዚህ ቁልቁለቱ ለሹፌሩ ገንዘብ ይመስለዋል። በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የናፍጣ መርጫ (ኢንጀክተር) ያለው አዲስ ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ናፍጣ ይቆርጣል፣ ፍሪ ሲሆን ነው እንዳይጠፋ ናፍጣ የሚረጨው። ማለትም በእነዚህ መኪኖች ላይ ነፍስህን የምትሸጠው በዜሮ ብር ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉሙም አለ። ሲወርድ ከመኪናው ፊት ያለውን ሰው እንኳ አታይም። ረጅም መብራት አታብራ፣ ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል፣ አጭሩ ይሻላል። ዋሻው ጋ ስትደርስ ከመግባትህ በፊት መብራት አብራ፣ ፍጥነት ቀንስ፣ ከወዲያ ከባድ መኪና እየመጣ ከሆነ ቁምና አሳልፈው። ጠባብ ነው። መሀሉ ላይ ሁለት ባለ ተሳቢ ተፋጥጦ ኋላ ለመመለስ ሲታገል ማየት አትፈልግም፣ ከነሱ አንዱ መሆን ደግሞ ጭራሽ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፣ ልጆች የሚያዝኑበት ቦታ እዚያ ነው። ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት የፈረመውን የማያነብ ብዙ ነው። መጀመሪያ ዋስ ይጠይቁሃል። አጎትህን ትለምናለህ፣ ወይም ደመወዝተኛ ጎረቤት። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ ባለ መኪናውም በደንብ የሚያውቅ ከሆነ ቁጥር ይጽፋል። ያ ቁጥር ስንት ነው? አጎትህ የሚችለው ነው? «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ወረቀት ላይ ዘመድህን አታስፈርም፣ ቁጥሩ ይጻፍ በል፣ ቁጥሩንም ተደራደርበት።

ቀጥሎ የራስህ ውል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። ሙከራ ጊዜ ካለ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፣ እሱም በጽሑፍ ነው። ወር አልፎ ወር ተተክቶ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» የሚባል ነገር የለም። ጡረታም ጠይቅ፤ የግል ድርጅት ከሆነ ከደመወዝህ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። አሁን ወጣት ነህና ጡረታ የሽማግሌ ወሬ ይመስልሃል። ጥቅሙን ትንሽ ቆይቼ እነግርሃለሁ፣ የሥራ ልምድ ላይ ይመጣል።

ክፍያው ብዙ መልክ አለው። ቋሚ ደመወዝ አለ፣ አበል አለ፣ በምልልስ የሚከፈል አለ። ባለ መኪናው ብዙ ጊዜ ቋሚውን ዝቅ አድርጎ ምልልሱን ከፍ ያደርገዋል። ይኼ ምን እንደሚያመጣ አስበው፤ ገንዘብህ ያለው በመሄድህ ላይ ከሆነ መተኛት ኪሳራ ይሆናል። ሕጉ መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል፣ መንገዱ ላይ ግን ይኼን የሚቆጥርልህ የለም። ከዚያ ጫት ይመጣል። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይከፍልልህም፣ ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ድካም መሪ ላይ ነው የሚይዝህ፣ ብዙውን ጊዜም ሊነጋጋ ሲል። ተደራድረህ ቋሚውን ትንሽ ከፍ፣ ምልልሱን ትንሽ ዝቅ ማስደረግ ከቻልክ በጠቅላላው ያነሰ ብታገኝም ውሰደው።

ጉድለት የሚባለው ሌላ ራስ ምታት ነው። የጫንከው 400 ነው ተብሎ ስታራግፍ 397 ሆኖ ይገኛል። ማን ይከፍላል? ሹፌር። ስለዚህ ሲጫን ጋቢና ውስጥ ተኝተህ አትጠብቅ፣ ወርደህ ቁጠር፣ የተቀደደ ማዳበሪያ ካለ ማስረከቢያው ላይ አስጽፍ፣ የጫንክበትን ሰዓትና የሚዛን ወረቀቱን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ቢጎድል እንኳ አሠሪው እንደፈለገ ደመወዝህን መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንተ በጽሑፍ ፈቅደህ ካልሆነ አይቆረጥም፣ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ «በጽሑፍ ፈቅደህ» የሚለውን ልብ በል። ቅጥር ሲሆን ከሚያስፈርሙህ ወረቀቶች መካከል ያ ፈቃድ ተሸጉጦ ሊኖር ይችላል።

የናፍጣ ንግድ የሚባለውን ደግሞ አትጀምረው። በየመንገዱ ጀሪካን ይዘው የሚጠብቁ አሉ፣ ሁሉም ያደርገዋል ይሉሃል። መኪናው ላይ ጂፒኤስ ካለ ባለ መኪናው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድክና የት እንደቆምክ ያያል፣ የሞላልህን ናፍጣ ለኪሎ ሜትሩ አካፍሎ የጎደለውን ያውቃል። የሹፌር ስም እዚህ አካባቢ በቶሎ ይዞራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያጠፋኸውን ኮምቦልቻ ላይ ይነግሩሃል።

አደጋ ቢደርስ ሕጉ ምን እንደሚል ከመጀመርህ በፊት እወቀው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ያየዋል። ተራ ቸልተኝነት አለ። ሙያው ወይም ሥራው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ የጣለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ይደርሳል። ከአንድ ሰው በላይ የሞተ እንደሆነ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ የነዳ እንደሆነ ግን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በምድብህ ያልሆነ መኪና መንዳት፣ ካሶኒ ላይ ሰው መጫን፣ ክልክል ኩርባ ላይ መቅደም ሁሉ «ደንብ ጥሷል» የሚያስብሉ ናቸው። ባለ መኪናው ካሳውን በኢንሹራንስ ይወጣል። እስራቱን ግን ማንም አይካፈልህም።

ብዙ ልጅ የሚያልመው ጅቡቲን ነው። የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ባቡሩ ከተጀመረም በኋላ መኪናው አልቀረም። ከእኛ ወገን በኮምቦልቻና ባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወጣ መንገድ አለ፣ ከአዲስ አበባ በሞጆና አዋሽ የሚመጣውም ሚሌ ላይ ይገናኘዋል፣ ከዚያ ጋላፊ ድንበር ነው። ክፍያው ይሻላል። ነገር ግን ለአንደኛ ዓመት ሹፌር አልመክርም። ሙቀቱ ጎማ ይበላል። ብርድ ላይ የተነፋ ጎማ አፋር ሲደርስ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልጁ ደንግጦ አየር ያወጣለታል፣ ይኼ ስህተት ነው፤ አየሩ ሲያንስ ጎማው ይበልጥ እየታጠፈ ይሞቃልና ይፈነዳል። የጎማ አየር የሚለካው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ነው። ከጋላፊ ወዲያ ያለው መንገድ በመጥፎነቱ ሲታወቅ የቆየ ነው። ወደቡ ላይ ተራ ትጠብቃለህ፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ አበልህ ለዚያ ቀን ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። አፋር ውስጥ ግመልና ፍየል መንገድ ላይ ይተኛሉ፣ ሌሊት ሲሆን የግመል እግር እንጂ አካሉ መብራትህ ውስጥ አይገባም። ከገጨህ የአካባቢው ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ይበይናል፣ አትሽሽ፣ አትከራከር፣ ባለ መኪናህን ደውለህ አሳውቅ።

ጸጥታውን ሳልጠቅስ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ ድንገት የሚዘጋበት፣ ሹፌር የሚታገትበት ጊዜ መጥቷል፣ ሰሜን ሸዋም ከዚህ አላመለጠም። ለአዲስ ሹፌር የምለው ቀላል ነው። ከመውጣትህ በፊት ከወዲያ የመጡትን ሹፌሮች ጠይቅ፣ ከነሱ የተሻለ መረጃ የለም። ብቻህን አትሂድ። ሲመሽ ከተማ ያዝ። ባለ መኪናው «ችግር የለም፣ ሂድ» ካለህ እሱ እዚያ እንደሌለ አስታውስ፣ «መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ» ማለት ሥራ መተው አይደለም። ከፈረምከው ውል ውስጥ መንገድ ተዘግቶ የቆምክባቸው ቀናት አበል ይኖራቸው እንደሆነ አስገባበት፣ አሁን ይኼ በየጊዜው የሚገጥም ነገር ነውና።

ተሳቢ መቼ ልያዝ ለሚለው፣ እኔ የምለካው በዓመት ሳይሆን በሥራ ነው። ክረምት ላይ ጣርማ በርን ጭነህ ብዙ ጊዜ ከወረድክ፣ ጎማ ብቻህን ከቀየርክ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ በመስታወት ብቻ ወደ ኋላ ከገባህ፣ ያን ጊዜ ጠይቅ። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገባ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ኋላው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ባለ ጎታች ዘንጉ (በረጅም ብረት የሚጎተተው ተሳቢ) ደግሞ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ነገሩን እንደገና ይገለብጠዋል። ይኼን በንግግር አይማሩትም። ባዶ ሜዳና ታጋሽ ረዳት ይፈልጋል።

የሥራ ልምዱን ነገር ነው ያቆየሁልህ። ከግለሰብ ባለ መኪና ጋ ዓመታት ነድተህ ደብዳቤ ብታጽፍ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ትልቅ ድርጅት «ሹፌር መካኒክ» ብሎ ሲቀጥር ደብዳቤህን ይዞ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ ይልሃል። የደመወዝ ግብር ያልተከፈለበት፣ ጡረታ ያልገባበት ልምድ ብዙ ቦታ እንዳልሠራህ ይቆጠራል። ውል ስትፈርም ስለ ጡረታው ጠይቅ ያልኩህ ለዚህ ነው። መንጃ ፈቃድህንም ከሰጠህ ቢሮ ያጣራሉ፣ ሐሰተኛ ካርድ ስለበዛ፤ ፋይልህ በትክክል መመዝገቡን ቀድመህ አንተው አረጋግጥ። ደብዳቤው ላይ የመኪናው ዓይነትና የመጫን አቅሙ፣ የጀመርክበትና የጨረስክበት ቀን፣ የደመወዝህ መጠን ይጻፍ። ጠይቀህ የምታጽፈው ደግሞ ገና እዚያው እየሠራህ፣ ከሰውየው ጋር በሰላም ሳለህ ነው።